ደሴታቸውን ለባሕር የለቀቁ ጎረቤቶች

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን ለዛሬው ስብሰባ አንድ ቁም ነገር አዘጋጅተህ ንገረን ባሉኝ ጊዜ ለእድርተኛ ስለ እድር ምን ይነገራል ብዬ ተጨንቄ ነበር። ቀብር ማስተባበሩን እናንተ ለእኔ ታስተምሩኛላችሁ እንጂ እኔ የምጨምርላችሁ የለም። ስለዚህ ሩቅ አገር ሄጄ፣ እንደኛው ሰፈርተኛ ሆነው አንድ ከባድ ሥራ ስላስተባበሩ ሰዎች ልነግራችሁ አሰብሁ። ቦታውን በዓይኔ አላየሁትም፤ የምናገረው ስለ ሕዝቡ ከተጻፉ መጻሕፍትና ከታተሙ ዘገባዎች ያነበብሁትን ነው። ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምጠራ በዚሁ ያዙልኝ።

እንግዲህ አገሩ ፓናማ ነው። ሰሜን አሜሪካና ደቡብ አሜሪካ በቀጭን አንገት የሚያያዙባት፣ መርከብ ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦይ የተቆፈረባት ትንሽ አገር ናት። በካሪቢያን ባሕር ጠረፏ ላይ ጉና የሚባል ነባር ሕዝብ ይኖራል። ስሙ ከጎንደሩ ጉና ተራራ ጋር ገጠመ እንጂ ዝምድና የለውም። ግዛታቸው ጉና ያላ ይባላል፤ ይኸውም ረዥምና ቀጭን የየብስ ጠረፍ፣ ከፊቱም ከ350 የሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ግን 50 አይሞሉም።

ይህ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደርን በልመና አላገኘውም። የፓናማ መንግሥት ፖሊስ ልኮ የሴቶቻቸውን ልብስና የአፍንጫ ቀለበት እስከ መከልከል በደረሰ ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 1925 ኔሌ ካንቱሌና ሲምራል ኮልማን በሚባሉ አለቆች መሪነት ተነሡ፤ ደምም ፈሰሰ። በማርች 4 ቀን ክሊቭላንድ በምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በ1938 ግዛታቸው በሕግ ታወቀ፤ በ1953 ደግሞ አስተዳደራቸው በሕግ ተደነገገ። ይህን የድሮ ታሪክ ያነሣሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ኋላ የመዛወር ነገር በመጣ ጊዜ መሬት ይሰጠን ብለው የማንንም ደጅ አልጠኑም፤ መሬቱ የራሳቸው ነበረና። ቤት ሥራልን ብሎ መንግሥትን መጠየቅና መሬት ስጠኝ ብሎ መጠየቅ የተለያየ ነገር ነው።

አሁን ወደ አንዲቱ ደሴት ልምጣ። ስሟ ጋርዲ ሱግዱብ ነው፤ በቋንቋቸው የሸርጣን ደሴት ማለት ነው። ርዝመቷ 400 ሜትር፣ ስፋቷ 150 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ዞሮ መመለስ ይቻላል ማለት ነው። በዚህች ላይ 300 ያህል ቤተሰብ፣ ከሺህ የሚበልጥ ሰው ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። ቤቱ የሸንበቆ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ነው፤ ኋላ ኋላ ቆርቆሮና ብሎኬትም ገብቶበታል። በልማዳቸው ወንዱ ሲያገባ ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት ነው የሚገባው። ከዚህም የተነሣ በአንድ ጣራ ሥር አያት፣ ሴት ልጆች፣ አማቾችና የልጅ ልጆች፣ 10 ሰውና ከዚያም በላይ አብሮ ያድራል።

እንዲህ ባለች ደሴት ላይ እርሻ የለም፤ ወንዝም የለም። ሙዙም፣ ካሳቫውም፣ የሚጠጣውም ውሃ ከፊት ለፊት ካለው የብስ ነው። መቃብሩም እዚያው ነው።

ለእድር ሰው የቀብራቸውን ሥርዓት ሳልነግር ባልፍ ቅር ይለኛል። ጉናዎች የሚተኙት ከጥጥ በተሠራ፣ በሁለት ወገን ታስሮ በሚንጠለጠል አልጋ ላይ ነው። ሰው ሲሞት በዚሁ በተንጠልጣይ አልጋ ሆኖ በታንኳ ባሕሩን ይሻገራል። መቃብሩ ውስጥም አልጋው ከወዲያና ከወዲህ ታስሮ ይንጠለጠላል፤ በላዩ እንጨት ተረብርቦ አፈር ይለብሳል። ከመቃብሩ በላይ የሣር ጣራ ያለው ዳስ ይቆማል። ሴቶቹ እየተሻገሩ መቃብሩን ይጎበኛሉ፤ ምግብም ያኖራሉ። እንግዲህ ሕዝቡ ከደሴት ወደ የብስ ልዛወር ብሎ ሲያስብ ሙታኑ ቀድመውት እዚያ ነበሩ። በብዙ ዘገባ ላይ ሰዎቹ ወደማያውቁት ጫካ እንደገቡ ተደርጎ ሲጻፍ አንብቤአለሁ፤ ይህ ልክ አይመስለኝም። ከየብስ ወደ ደሴቶቹ የወጡት ራሱ ከአንድ መቶ ዓመት ከምናምን ወዲህ፣ ወባና ሌላም በሽታ ሽሽት ጭምር ነው።

ማኅበራቸውስ እንዴት ያለ ነው? በየደሴቱ መሐል ኦንማከድ ነጋ የሚባል ትልቅ የመሰብሰቢያ ቤት አለ። አለቃው ሳይላ ይባላል። ማታ ማታ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ሳይላው በተንጠልጣይ አልጋው ተቀምጦ የአባቶችን ታሪክና ምክር በዜማ ያሰማል። ዜማው በጥንት አነጋገር ስለሆነ አርጋር የሚባለው ቃል አቀባይ ተነሥቶ በተራ ቋንቋ ይፈታዋል። ሴቶቹ ሞላ የሚባለውን ባለብዙ ቀለም ጥልፍ ልብሳቸውን እየሰፉ ያዳምጣሉ። ዜማው ረዥም ነውና ሰው ያንቀላፋል፤ ስለዚህ ዱላ የያዙ ሥርዓት አስከባሪዎች በመካከል እየዞሩ «አትተኙ!» እያሉ ይጮኻሉ። (ዳኛችን ይህን ሰምተው ፈገግ ሲሉ አየሁ።) እነዚሁ ሰዎች ስብሰባ ሲኖር መንደሩን እየዞሩ ሕዝቡን ይጠራሉ። የእኛን ጥሩንባ ነፊ አስታወሱኝ።

ከዚህም ሌላ የጋራ ሥራ አለ። የማኅበሩን ቤት ክዳን ማልበስ፣ የውሃ ቧንቧ መጠገን፣ የባሕር ዳር መሙላት፣ ይህን የመሳሰለ። የቀረ ይቀጣል። ከደሴቲቱ ወጥቶ ወደ ከተማ ለመሄድ እንኳ ፈቃድ የሚጠየቅበት ልማድ ነበር። ማን አለ፣ ማን ሄደ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ የሚለው ሁሉ ይታወቃል። እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ ያገኘሁት ዋና ነገር ይህ ነው፦ መዛወሩን ያስተባበረው ለመዛወር ተብሎ የተቋቋመ ድርጅት አይደለም። ለሌላ ነገር፣ ለምክር፣ ለሥራና ለቀብር የቆመ ማኅበር ቀድሞ ነበረ፤ ኮሚቴው የወጣው ከእርሱ ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ። በዚያ አካባቢ የባሕሩ ወለል በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል ይባላል። ሁለት ሳንቲም ደራርባችሁ እዩት። ይህ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ደሴቲቱ ራሷ ከባሕሩ በላይ ያላት ከፍታ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብዙው ስፍራም ከዚያ ያንሳል። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ ውሃው በየቤቱ ይገባል። በ2008 ብዙ ደሴቶችን ያጥለቀለቀ ጎርፍ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመዛወሩ ነገር በርትቶ ይነሣ ጀመር።

ሰዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከድሮ ጀምሮ የባሕር ዳራቸውን በድንጋይ ሲገነቡ ኖረዋል። ድንጋዩ ግን ከየት ይመጣል? ኮራል የሚሉት፣ ከባሕር በታች የሚበቅል ሕይወት ያለው ድንጋይ አለ። እርሱን እየነቀሉ በታንኳ አምጥተው ግንብ አቆሙ፤ ውስጡን በአሸዋና በቆሻሻ ሞልተው ለልጆቻቸው የቤት ቦታ አወጡበት። ኮራሉ ደግሞ ማዕበሉን ከሩቅ የሚሰብረው እርሱ ነበር። እንግዲህ የማዕበሉን አጥር አፍርሰው የጓሮ አጥር ሠሩ ማለት ነው። ባሕሩን ከፍ ያደረገው የእነርሱ ጥፋት አይደለም፤ የሩቅ ፋብሪካና የሩቅ መኪና ጭስ ነው። ይሁን እንጂ በቅን ልቦና፣ በጋራ ሥራ፣ ቅጣትም ተጥሎበት የተሠራ ሥራ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ደብቄ ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

አሁን በደንብ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የውጭ ጋዜጣ ሁሉ ሲያወራ ባሕሩ መጣ፣ ሰዎቹ ሸሹ ይላል። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ስለ መዛወር ማውራት የጀመሩት በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ያስጨነቃቸው የቦታ ጥበት ነበር። ወጣት አግብቶ የሚያድርበት ጥግ የለም፤ ትምህርት ቤቱም ጠበበ። ለአንድ ሰው ከ50 ዓመት በኋላ ባሕር ይበላሃል ብትሉት ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ልጅህ የት ይተኛ ብትሉት ግን ቁጭ ብሎ ያወራችኋል። ኮሚቴው ሁለቱን ችግር አንድ ላይ አሰረው። ይህ ይመስለኛል ሰዉን ያቆየው።

በ2010 የመዛወሪያ ኮሚቴ ተመረጠ። ሥራቸው ምን ነበር ብትሉ፣ ከሁሉ በፊት መዝገብ ነው። ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል፣ የትኛው ቤተሰብ እንደ አንድ፣ የትኛው እንደ ሁለት ይቆጠራል። በዋናው ከተማ በፓናማ ሲቲ የሚኖሩ የደሴቲቱ ተወላጆችም እንመለሳለን፣ እኛንም ጻፉን አሉ፤ እነርሱም ገቡ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እኛ ከሰፈር የወጣ አባል መዋጮውን እየከፈለ ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ በሚለው ስንት ስብሰባ እንዳለቀ ታውቃላችሁ። ከዚያ ቀጥሎ መሬት ነው። በየብሱ ላይ 17 ሄክታር ተለየ። መሬቱ የሕዝቡ ቢሆንም ያርሱት የነበሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እነርሱ ለጋራው ለቀቁት። ቦታውም ኢስበር ያላ ተባለ፤ ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚበቅል ዛፍ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው በሰፈርተኛው እጅ ነበረ። ቤት መሥራት ግን የመንግሥት ገንዘብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው 14 ዓመት የሄደው።

ተስፋ ይሰጣል፤ መሬት ይጠረጋል፤ ሥራው ይቆማል። የተጠረገውን መልሶ ሣር ይወርሰዋል። የጤና ተቋም ሕንፃ ተጀምሮ ሳያልቅ ቀረ። የትምህርት ቤቱ ግንባታም ለብዙ ጊዜ ቆመ። ከ2010 እስከ 2024 ድረስ ሦስት ፕሬዝዳንቶች ተፈራርቀዋል፤ ባለሥልጣን ሲለወጥ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የምታውቁት ነው። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ በጥናትና በምክር ገባ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶችም እየመጡ አዩ፣ ጻፉ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2023 ዘገባ ባወጣ ጊዜ ሰዎቹ ገና ደሴቲቱ ላይ ነበሩ። የመዛወሪያው ቀን በየጊዜው ይቆረጣል፤ በየጊዜውም ያልፋል።

አስተባባሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያሰብሁት እዚህ ላይ ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ ሲባል ለእኛ የሚታየን ካርታ የያዘ፣ በመኪና የሚዞር ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያሳለፉት «እስካሁን መልስ የለም» የሚለውን ቃል ለተሰብሳቢ በመንገር ነው። በዚያ መሐል የተመዘገበ ይሞታል፤ ልጅ የነበረ አድጎ ያገባና ለብቻዬ ልመዝገብ ይላል፤ ተስፋ የቆረጠ ከተማ ይገባል። መዝገቡ እየታደሰ መያዝ አለበት። ደስ የማይለውን ዜና ሳይደብቁ፣ ሳያጋንኑም፣ ከዓመት እስከ ዓመት መናገር ከባድ ጸሐፊነት ነው። የእኛ ጸሐፊ ይህን ሲሰሙ ዕዳዬን አወቅህልኝ ይሉኝ ይሆናል።

በመጨረሻ በሜይ 29 ቀን 2024 ፕሬዝዳንት ላውሬንቲኖ ኮርቲሶ መጥተው ቁልፍ አስረከቡ። የሥልጣን ዘመናቸው ሊያልቅ አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ይህንንም የታዘበ ታዝቦታል። በጁን መጀመሪያ ቤተሰቦቹ አልጋቸውን፣ ድስታቸውን፣ ዶሮና ውሻቸውን በታንኳና በጀልባ ጭነው ተሻገሩ። የተሠሩት 300 ቤቶች ናቸው፤ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅተዋል። ቤቶቹ በረድፍ የቆሙ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁለት መኝታ ክፍል ያላቸው ናቸው። በመካከላቸው አስፋልት መንገድ አለ። ከባሕሩ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ከወደቡ ደግሞ ወደ ደሴቲቱ በጀልባ የ8 ደቂቃ መንገድ ነው። የመሰብሰቢያው ቤትም በሣር ክዳን በአዲሱ መንደር ቆሟል።

ልጆቹ ብስክሌትና ኳስ የሚያጫውት ቦታ አገኙ። ቤት ውስጥ ውሃ ገብቶ ሌሊት ልጅ ይዞ መቆም ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቁልፍ ተሰጠ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አልሆነም። ውሃ በቀን ለጥቂት ሰዓት ነበር የሚመጣው። ጤና ጣቢያ በመንደሩ ስላልነበረ፣ የታመመ ሰው ትታችሁት ውጡ ወደተባለችው ደሴት ተመልሶ መሻገር ነበረበት። ከአንድ ዓመት በኋላም ይኸው እሮሮ ይነገር ነበር። በእኔ ግምት ኮሚቴው ከሁሉ የተጎዳው እዚህ ነው፤ ቤቱን እንጂ ውሃውንና ሐኪሙን በቀን ቆርጦ፣ በጽሑፍ አስፈርሞ ለመያዝ አቅሙ አልነበረውም። 14 ዓመት የጠበቀ ሰው ቁልፍ ሲዘረጋለት ውሃው ይቅደም ብሎ እጁን አይመልስም። ማንም አይመልስም።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ክፍል ያለው ቤት እነዚያን 10 ሰዎች ስለማይዝ አያት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ረድፍ ሆኑ። እሳት የሚነድበት የሣር ማድ ቤት፣ ተንጠልጣይ አልጋ የሚታሰርበት ምሰሶ በእቅዱ ላይ በቂ ቦታ አላገኘም። ዓሣ አጥማጁም ከታንኳው ራቀ። አንዳንዱ ቀን በደሴቲቱ፣ ሌሊት በመንደሩ ሆነ። ጥቂት ቤተሰቦች ደግሞ አንወጣም ብለው እዚያው ቀሩ። ማኅበሩ በግድ አላወጣቸውም፤ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ያው ጎረቤት ናቸው፤ ሲሞቱም ቀባሪያቸው ይኸው ሕዝብ ነው።

ወገኖቼ፤ የእኛ ሰፈር ባሕር የለውም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ወደ ኮንዶሚኒየም የወጡ አባሎቻችን ለለቅሶ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው ሲመጡ እናያለን። የወንዙ ዳር ቤቶች በክረምት ውሃ ሲገባባቸው እናውቃለን። እሳትም ያው እሳት ነው። ባለፈው ወር ከጸሐፊያችን ጋር የአባላት መዝገባችንን ገልጠን አየን። በመዝገቡ ላይ ያለው የአባሉና የትዳር ጓደኛው ስም፣ የመዋጮውና የቅጣቱ ልክ ነው። ቀብር ለማስተባበር ይበቃል። ነገር ግን በዚያ ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከአልጋ የማይነሣ በሽተኛ ወይም ሽማግሌ መኖሩን፣ በግቢው ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። ተከራዮቹ ደግሞ አንዳንዶቹ 10 ዓመት ከእኛ ጋር የኖሩና ሬሳ የተሸከሙልን ናቸው። ነገ አንድ ሌሊት ከዚህ ውጡ ብንባል፣ ወይም ውሃ ቢገባ፣ ማንን ቀድመን እንደምናነሣ ከዚህ መዝገብ አናገኘውም።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለየቤቱ አንዳንድ ገጽ ይጨመር፤ የሚያድሩት ሰዎች ብዛት፣ ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ስም፣ በችግር ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ጎረቤት ይጻፍበት። ተከራዮችም፣ አባል ሆኑም አልሆኑ፣ በተለየ ገጽ ይግቡ። በየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ፣ ከነዚህም አንዷ ሴት ብትሆን፣ ሥራው ከመጪው ክረምት በፊት ያልቃል። ወጪው የደብተርና የእስክሪብቶ ነው፤ የቀብር ገንዘባችን አይነካም። ይህንን የምለው ገንዘብ ያዣችን ከወዲሁ ግንባራቸውን ሲቋጥሩ ስላየሁ ነው።

ውሳኔው የስብሰባው ነው፤ መድረኩን ለዳኛችን እመልሳለሁ።